ጭራ አንባቢዋ እትዬ ከሪማ

እግዜር አንድን ግቢ ሲሠራ መጀመሪያ አጥሩን ያጥራል፣ ቀጥሎ ጉድጓዱን ያስቆፍራል፣ በመጨረሻም ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ያስገባበታል። በዚያ ዘመን ከሞጆ እስከ መተሐራ በባቡር የሄደ መንገደኛ በየጣቢያው እየወረደ ቢጠይቅ፣ ውሃ የሌለበት ሰፈር ያገኝ ይሆናል። የጎረቤት ላም ምን እንደምታስብና የሰው ዶሮ ለምን እንቁላል እንደቀነሰች የሚያስረዳ አዋቂ የሌለበት ሰፈር ግን አያገኝም።

የአዳማ ባቡር ጣቢያ ሰፈር አዋቂ እትዬ ከሪማ ነበሩ። የእውቀታቸውም ዘርፍ ድመት ነበር።

እትዬ ከሪማ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። በአቶ ጉተማ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ጨው፣ በርበሬና ሳሙና ይሸጡ ነበር። ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ጨው ብቻ ይዞ አይመለስም። ምክር እንደ ምርቃት ይጨመርለታል፤ አልፈልግም ማለትም አይቻልም። ድምፃቸውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ መንገር ይበቃል፦ ባቡሩ ሲያፏጭ እሳቸው ወሬያቸውን አያቋርጡም፣ ባቡሩ ነው የሚያቋርጠው። የግቢው ክርስቲያን «ሊቀ ድመታት» ይላቸዋል፣ እስላሙ ደግሞ «ቃዲያችን» ይላቸዋል። ሁለቱንም ማዕረግ ሳያንገራግሩ ተቀብለዋል።

«ሰው ይዋሻል» ይሉ ነበር ጨው እየሰፈሩ። «ምላስ ይዋሻል፣ ዓይንም ይዋሻል። ጭራ ግን ወላሂ አይዋሽም!»

ይህ ሁሉ እውቀት ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር፤ በግቢው ድመት አልነበረምና። አቶ ጉተማ ከአርሲ በአህያ የሚወርደውን ስንዴና ገብስ እየገዙ በመጋዘናቸው ያከማቻሉ፣ በመጋዘኑ ዙሪያ ያሉትን ክፍሎች ደግሞ ያከራያሉ። እህል ካለ አይጥ አለ። አይጦቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ተከራይ እነሱ ናቸው ወይስ እኛ እስከ መባል ተደርሶ ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን ሁንዴ ከሥራ ሲመለስ የኮቱ ኪስ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ሁንዴ በጣቢያው ለባቡሩ ውሃ የሚሞላ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ከኪሱ አውጥቶ በሚስቱ በመሰለች መዳፍ ላይ ያስቀመጣት ነገር አቧራ የመሰለች፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ የድመት ግልገል ነበረች። «ከእንጨት ክምሩ ሥር አገኘኋት» አለ፤ በዚህም የቀኑን ንግግር ጨረሰ። መሰለች በቀለሟ ቡሊት ብላ ጠራቻት።

መሰለች ከቡልጋ ተድራ የመጣች ልጅ እግር ናት። ከአዳማ ሰው ጋር ገና አልተላመደችም፤ እውነቱን ለመናገር ከቡልጋ ሰው ጋርም ብዙ አልተላመደችም ነበር። እንደምን አደራችሁ ስትል ለራሷ የምትነግር ይመስላል። ጨው ልትገዛ ስትሄድም «ጨው» የሚለውን ቃል መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ቆይታ፣ እትዬ ከሪማ ደጃፍ ስትደርስ ጣቷን ወደ ጨዉ ትቀስራለች። ሁንዴ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ ከቡሊት ወዲያ ቀኑን አብሯት የሚውል ፍጥረት አልነበረም። ድመት ደግሞ ቃል ለሚያጥረው ሰው ጥሩ ጓደኛ ናት።

እትዬ ከሪማ ግልገሏን ባዩ ማግስት ሥራ ጀመሩ።

ቡሊት ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ ጫፉን ትንሽ አጠፍ አድርጋ በግቢው ስታቋርጥ እትዬ ከሪማ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። «እንግዳ ይመጣል!» አሉ። እንግዳም መጣ። በባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ግቢ እንግዳ ያልመጣበት ቀን የለም፤ ትንቢቱ ግን ትንቢት ነው።

ፊቷን በመዳፏ ስታጥብ «ዝናብ ነው፣ ልብሳችሁን አስገቡ!» አሉ። ሴቶቹ እርጥብ ልብሳቸውን አስገቡ። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አንድ ጠብታ አልወረደም፣ ልብሱም ሸተተ። በማግስቱ ከሞጆ የመጣ ነጋዴ እዚያ ዝናብ ጥሎ እንደነበር አወራ። «አላልኳችሁም? ለሞጆ ነበር ያጠበችው» አሉ እትዬ ከሪማ።

ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ በጀርባዋ ስትተኛ ደግሞ «ዳብሱኝ ማለቷ ነው፣ ሆድ የሰጠ ልብ ሰጠ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ቡሊት በአራቱም እግሯ ክንዳቸውን አቅፋ ቧጠጠቻቸው። እትዬ ከሪማ ክንዳቸውን እያሹ ተነሡ፤ ፊታቸው ግን አልተለወጠም። «የወደደችውን ሰው ነው እንዲህ የምታደርገው» አሉ። «እናንተን የቧጠጠች ዕለት ንገሩኝ!»

መሰለች ይህን ሁሉ ከደጃፏ ተቀምጣ ታያለች፤ ምንም አትልም። ግን ሌላም ነገር ታያለች። ቡሊት ሆዷን ስትሰጥ አምንሃለሁ ማለቷ እንጂ ንካኝ ማለቷ እንዳልሆነ አየች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ የጭራዋን ጫፍ ጠፍ ጠፍ ስታደርግ በቃኝ ማለቷ እንደሆነ አየች። በጭኗ ላይ ወጥታ በፊት እግሮቿ ተራ በተራ ስትጫን፣ የእናቷን ጡት ወተት ለማውረድ ትጫን እንደነበር ገባት፤ ያን ቀን ስለ ራሷ እናትም ትንሽ አለቀሰች። ከሁሉም ደስ ያላት ግን ይኸኛው ነው። ቡሊት ከሩቅ ሆና ታያትና ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትጨፍናለች፣ ቀስ አድርጋም ትገልጣለች። መሰለች አንድ ቀን እሷም እንደዚያው አደረገች። ቡሊት መለሰችላት። ቃል የማያስፈልገው ሰላምታ በዓለም ላይ መኖሩን መሰለች በዚያን ቀን አወቀች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቦት ገባ። አዳማ በግንቦት እንኳን ለሰው ለድንጋይም ይከብዳል። በዚያ ላይ አንድ ያበደ ውሻ በገበያው አልፎ የአንዲት በርበሬ ነጋዴ አህያ ነክሶ ነበር፤ አህያዋ ሰሞኑን አረፋ ደፍቃ ሞተች። ያበደ አውሬ የነከሰው ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ወንዶች ያለ ዱላ አይወጡም፣ እናቶችም ልጆቻቸውን ከበር አያሳልፉም።

በእንዲህ ያለ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ጉተማ በመጋዘኑ ጥላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያንቀላፉ ነበር። የኩታቸው ጫፍ መሬት ይነካል፤ ነፋስ ሲመጣ ጫፉ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከጆንያው ኋላ ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ። መሰለች ከደጃፏ አየቻቸው። ቡሊት ደረቷን መሬት አስነክታ ዝቅ አለች፣ ዓይኗ ጠቁሮ ሰፋ፣ መቀመጫዋን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። መሰለች ምን እንደሚመጣ አውቃ «አይሆንም!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን እንደ ልማዱ አልወጣም።

ቡሊት ዘለለች። ኩታውን ስታ የአቶ ጉተማን የእግር አውራ ጣት ያዘች።

«ያ ዋቃዮ! ነከሰችኝ!» ብለው አቶ ጉተማ ከነበርጩማቸው ተገለበጡ። ቡሊት በጩኸቱ ደንግጣ ጀርባዋን እንደ ቀስት አጎበጠች፤ ጭራዋ እንደ ማሽላ ራስ አብጦ፣ በአራት እግሯ ቆማ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን እየዘለለች በግቢው መካከል አለፈች።

«አበደች! ድመቷ አበደች!»

ግቢው ተሰበሰበ። ዱላ የያዘ መጣ፣ ድንጋይ የያዘም መጣ። ልጆች ወደ ቤት ተገፈተሩ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ አንድ በር ዞረ፤ ፍርድ ያለ ቃዲ አይሰጥምና።

እትዬ ከሪማ ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ። ነገሩን ሰሙ፣ ድመቷን ከሩቅ አዩ፣ አሰቡ። «ያበደ ውሃ አይደፍርም» አሉ። «ጣሳ ሙሉ ውሃ አምጡልኝ።»

መጣላቸው። ተጠግተው በቡሊት ላይ ቸለሱባት።

ያችን ድመት በዚያች ቅጽበት ያያት ሁሉ፣ እብድ ናት ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። እየነፋች ግድግዳውን በጥፍሯ ቧጥጣ ወጣች፣ በመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ሆና ፀጉሯን አቁማ ወደ ሰዉ አፈጠጠች።

«ሸሸች» አሉ እትዬ ከሪማ፤ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። «ውሃ ሸሸች።»

«እንግዲህ አለቀ» አሉ አቶ ጉተማ ጣታቸውን በጨርቅ እያሰሩ። «ያመጣት ሁንዴ ነው፣ የሚያስወግዳትም እሱ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ በጆንያ ከቶ ከከተማው ውጭ ገደል ይክተታት። እስከዚያ ማንም እንዳይጠጋት!»

መሰለች በሰዉ መካከል አልፋ ፊታቸው ቆመች። «ጌታዬ፣ እሷኮ…»

«ምን አልሽ ልጄ?»

ያ ሁሉ ዓይን አረፈባት። «ምንም» አለች።

ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። የማታው ባቡር ሲያፏጭ ሁንዴ ለመጣው ባቡር ውሃውን ሞልቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ጆንያው ይጠብቀዋል። እሱ ደግሞ አከራዩን እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። መሰለች ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። ለብዙ ሰው መናገር አትችልም። ለአንድ ሰው ግን ምናልባት።

እትዬ ከሪማ ብቻቸውን በርበሬ እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ» አለች መሰለች ከበሩ። «ቡሊት ውሃ አልፈራችም። መረጨቱን ነው የጠላችው።»

«ምን አልሽ? ጮኽ በዪ!»

«እርስዎ ላይ ጣሳ ሙሉ ውሃ ቢደፉብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ላይ? ጣሳውን ነዋ የማስውጠው!»

«ታዲያ አብደዋል እንበል?»

እትዬ ከሪማ ከበርበሬያቸው ቀና አሉ። መሰለች ነገሩ አንዴ ከጀመረ አልቆም አላት። «ደግሞ አልነከሰቻቸውም፤ ጣታቸውን ይፍቱትና ይመልከቱ፣ ደም የለውም። ስትጫወት ጥፍሯን ትከታለች፣ ጥርሷንም ታላላለች። ከመዝለሏ በፊት መቀመጫዋን አወዛውዛለች፤ እሱ የጨዋታ ነው፣ የኩታው ጫፍ ተንቀሳቅሶባት ነው። ወደ ጎን የዘለለችው አቶ ጉተማ ሲጮሁ ደንግጣ ትልቅ ለመምሰል ብላ ነው። ልጅ ናት እኮ እትዬ። ልጅ ሲደነግጥ ይፎክር የለ? ውሃ በሳህን ቢቀርብላት ትጠጣለች፤ ጧትም ጠጥታለች።»

በሕይወቷ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ሲያልቅባት ትንፋሿም አብሮ አለቀ።

እትዬ ከሪማ ሰፌዳቸውን ወደ ጎን ገፉ። «ይህን ሁሉ መቼ አየሽው?» አሉ።

«እናንተ ስታወሩ።»

እትዬ ከሪማ ሰፌዳቸውን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ ወደ በርበሬያቸው ተመለሱና «ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ» አሉ። መሰለች ወጣች። ያ ሁሉ ድፍረት ለምንም አልሆነም ብላ አሰበች፣ ቤቷ ገብታም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ባቡሩ አፏጨ። ሁንዴ መጣ። አቶ ጉተማ ነገሩን ነግረው ጆንያውን በእጁ ሰጡት፤ ሁንዴ ጆንያውን አየ፣ ቆርቆሮው ላይ ያለችውን ቡሊትን አየ፣ በበሩ የቆመችውን ሚስቱን አየ፣ አንገቱንም ደፋ። ግቢው ደግሞ ተሰበሰበ።

«ቆይ!»

ባቡሩ እንኳ ቢሆን በዚያ ድምፅ ይቆም ነበር። እትዬ ከሪማ የበዓል ሻሻቸውን አስረው፣ በእጃቸው ውሃ የሞላ ሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«ማነው ይህችን ድመት አበደች ያለ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አሉ አቶ ጉተማ።

«እኔ? እኔ ሸሸች ነው ያልኩ፣ ሰው የሰማኝ ይመስክር! ውሃ የተደፋበትና የሸሸ ሁሉ ካበደ፣ አቶ ጉተማ፣ አምና በክረምት ከዝናቡ ሮጠው ጫማዎን ጭቃ ውስጥ ጥለው የገቡት ምን ሆነው ነው? ማን በጆንያ ከተተዎት?»

ሰዉ ሳቀ። ሁንዴም እንኳ ጥርሱን አሳየ። እትዬ ከሪማ ሳህኑን በግቢው መሐል አስቀምጠው ወደ ኋላ አሉ። «እንግዲህ ሰው ሁሉ አፉን ይዝጋ» ብለው የራሳቸውንም ዘጉ።

ቡሊት ከሰዓት በኋላውን በጋለ ቆርቆሮ ላይ ስትጠበስ ውላለች። አየች፣ ወረደች፣ ቀረበች። መዳፏን ውሃው ውስጥ ነክራ ስታራግፍ «ይኸው!» ያለ ነበር፤ እትዬ ከሪማ በዓይናቸው አፈኑት። ቀጥሎ ቡሊት አንገቷን ደፋችና ጠጣች። ውሃው ሲላስ የሚያሰማው ድምፅ በግቢው ሁሉ ተሰማ።

«ግን ነከሰችኝ» አሉ አቶ ጉተማ።

«ጣትዎን ያሳዩ!»

ጨርቁ ሲፈታ የግቢው ሰው በአቶ ጉተማ አውራ ጣት ላይ ተደፋ። ጣቱ ደህና፣ እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ነበር። አቶ ጉተማ ራሳቸው አገላብጠው አዩት፣ ቅር ያላቸው መሰሉ። «እሺ አሁንስ ስታኝ ይሆናል» አሉ። «ሌላ ጊዜ ደም ብታወጣስ? ልጆች አሉ እኮ፣ አቦ! ማን ዋስ ይሆናል?»

ይህ ዛቻ አልነበረም፤ የእውነት ፍርሃት ነበር። ሳቁም ቆመ።

እትዬ ከሪማ መሰለችን አዩ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በዚያ ግዙፍ ሰውነታቸው መሬት ላይ ተንበረከኩ፣ የክንዳቸውን ልብስ ሰበሰቡ፣ ራቁት እጃቸውን አፈር ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር።

«እትዬ፣ ይተዉ!» አለች አንዷ።

«ይህን ተመልከቱ» አሉ እንደ አስተማሪ። «ዝቅ አለች። አያችሁ? አሁን መቀመጫዋን ታወዛውዛለች። ይኸው! ያበደ ውሻ ሊናከስ ሲመጣ ይጨፍራል? ሰዎች ዓይን የላችሁም እንዴ? እኔ ይህን ስል ስንት ጊዜዬ ነው!»

ቡሊት ዘለለች። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ግልገሏ እጃቸውን በሁለት እግሯ አቅፋ አኘከች፣ ለቀቀች፣ ደግሞ አኘከች፣ በኋላ እግሯም ደበደበች። እትዬ ከሪማ እጃቸውን ነጥቀው ለሰዉ ሁሉ አዙረው አሳዩ። ደም የለም። ጭረትም የለም።

አቶ ጉተማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁንዴ፣ ያን ጆንያ አምጣው» አሉ። «ለስንዴ ይሆናል።»

እትዬ ከሪማ ይህን ታሪክ እስከ ዕለተ ሞታቸው አወሩት። በያመቱም አደገ። መጀመሪያ ግልገል የነበረችው ድመት እየቆየች አነር አከለች፣ የአቶ ጉተማም ጣት ቁስል አበጀ፤ እትዬ ከሪማ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን ያውቁ ነበር። «ድመት ስትጫወት ጥፍሯን እንደምትከት ያገኘሁት እኔ ነኝ» እያሉ ለባቡር መንገደኛ ሁሉ ያስተምራሉ። መሰለች አጠገባቸው ተቀምጣ የራሷ ቃሎች በእሳቸው አፍ አንድ በአንድ ሲወጡ ትሰማለች። «እንዲህ አልነበረም መሰለች?» ሲሏት፣ «እንደሱ ነበር እትዬ» ትላለች፤ ከልቧም ነው። ቃሏ በእሷ አፍ ቢቀር ኖሮ በአፏ ውስጥ ይሞት ነበር፣ ቡሊትም አብራው ትሞት ነበር። እግዜር ለአንዱ ዓይን፣ ለሌላው ጉሮሮ ይሰጣል፤ ሁለቱን በአንድ ግቢ ያከራየ ይመስገን።

እትዬ ከሪማ ሲያወሩ የሚዘሉት አንድ ነገር ግን አለ። ያን ዕለት ሰዉ ሲበተን እሳቸው ከመሬት አልተነሡም ነበር። ያችን እጃቸውን በቀሚሳቸው እጥፋት ሸጉጠዋት ተቀምጠዋል። መሰለች ልታነሣቸው ቀርባ እጃቸውን ስትስበው፣ እጁ እንደ ወፍ ይንቀጠቀጣል። ድመቷ አለማበዷን እትዬ ከሪማ አላወቁም ነበር። ያወቁት ነገር ቢኖር፣ ጨው እንኳ በአፏ መጠየቅ የማትችል አንዲት ልጅ ያን ያህል ከተናገረች ልክ መሆን እንዳለባት ነው።

መሰለች እጃቸውን በሁለት እጆቿ ያዘች፣ ሳመችውም። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ!» አለች። ድምፁ ከእሷ አፍ ይውጣ ከማን፣ ለራሷም አልታወቃትም፤ በየበሩ ያለ ሰው ዞሮ አየ።

«ምን ያስጮህሻል?» አሉ እትዬ ከሪማ። «አጠገብሽ ነኝ እኮ፣ አልደነቆርኩ!»